ሻሽ ለብሳ የወጣችው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ለሳምንታት ከአእምሮዬ ያልወጣች አንዲት ሴት አለች፤ ማሪ ሳሌ ትባላለች፣ ፈረንሳዊት የባሌት ዳንሰኛ ነበረች። ስለ እርሷ ላወራችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ ግን እናቴ ናት። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀሚስ ስትለካ ደንበኛዋን መስታወት ፊት አታቆምም። «እስቲ ተቀመጪበት፤ እስቲ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» ትላለች። ብብቱ ከያዘ ወይም ወገቡ ከተሳበ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ስፌቱን ትፈታዋለች። ልጅ ሳለሁ ይህ ልማዷ ያሰለቸኝ ነበር። የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የዳንሰኞች አልባሳት ሥዕል ማየት ስጀምር ግን ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለብኝ። ከእነዚያ ልብሶች አንዱንም እናቴ አታሳልፈውም ነበር።

ባሌት ያደገው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ይደንስ ነበር፤ በ1661 የዳንስ አካዳሚ ያቋቋመውም እርሱ ነው። ስለዚህ የመድረኩ ልብስ የመኳንንቱን ልብስ የሚከተል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጥ ያሸበረቀ ነበር። ሙያተኛ ሴት ዳንሰኞች ፓሪስ ኦፔራ በሚባለው ቴአትር መድረክ ላይ የታዩት በ1681 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሴቶቹን ቦታ የሚይዙት ጭምብል ያጠለቁ ወጣት ወንዶች ነበሩ።

ሴቶቹ መድረኩን ካገኙ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ፋሽኑ ፓኒዬን አመጣባቸው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ቅርጫት ማለት ነው፤ በእውነትም ቅርጫት ነው። ወገብ ላይ ይታሰርና ከሥር ሆኖ ቀሚሱን ግራና ቀኝ ይወጥረዋል። ሰፋ ያለውን የለበሰች ሴት በር ለማለፍ ጎኗን ማዞር ነበረባት። ከቅርጫቱ በላይ ደረትንና ጀርባን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ኮርሴት፣ ከታች ደግሞ ታኮ ጫማ አለ። ወንዶቹም አላመለጡም። ቶኔሌ የሚባል፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አጭር ጉርድ ይታጠቃሉ፤ ዊግ ያደርጋሉ፤ ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍናሉ። ፍቅርና ሐዘን ሊያሳየን የወጣ ሰው ፊቱ ተሸፍኖ! ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚህ መሐል ማሪ ካማርጎ መጣች። የብራስልስ ልጅ ናት፤ በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የደነሰችው በ1726 ነው። እግሯ እሳት ነበር። ወደ ላይ ዘልላ አየር ላይ እግሮቿን የምታጠላልፍበት ችሎታ እስከዚያ ድረስ የወንዶች ሙያ ነበር። ቀሚሱ መሬት እየነካ ያንን ማን ያይላታል? እናም ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አሳጠረችው። የተቆረጠው ጥቂት ጣት የሚሆን ጨርቅ ነው፤ ወሬው ግን ከተማውን አዳረሰ። ሠዓሊው ኒኮላ ላንክሬ አትክልት ስፍራ ውስጥ ስትደንስ ሥሏታል። ቀሚሷ አሁንም ሰፊ ነው፣ ጥልፉና አበባው አልጎደለም፤ ከሥሩ ግን ሁለት ትንንሽ እግሮች ብቅ ብለዋል። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው እነዚያ እግሮች ላይ ነው።

ካማርጎን እወዳታለሁ። ልቤን የወሰደችው ግን ሳሌ ናት፤ ምክንያቱም ካማርጎ ልብሱን አሳጠረችው፣ ሳሌ ግን ጥያቄውን ከሥሩ አነሳችው። የፓሪስ ኦፔራ ደንብ አላላውስ ስላላት ወደ ለንደን ተሻገረች። እዚያም በ1734 በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ራሷ ያዘጋጀችውን «ፒግማሊዮን» አቀረበች። ታሪኩ የአንድ ቀራጭ ነው፤ ከድንጋይ የቀረጻት ሴት ነፍስ ትዘራለች፣ እርሱም መራመድንና መደነስን ያስተምራታል። እንግዲህ አስቡት። ከድንጋይ የነቃች ሴት ወገቧ ላይ ቅርጫት ታስራ ልትነቃ ነው? ሳሌ ቅርጫቱን ጣለችው። ጸጉሯን ያለ አንዳች ጌጥ ለቀቀችው። ከኮርሴቷና ከውስጥ ጉርዷ በላይ የደረበችው፣ እኛ ሻሽ የምንለውን ዓይነት ስስ ጥጥ፣ እንደ ግሪክ ሐውልት ልብስ ሰውነቷ ላይ የሚወርድ ቀሚስ ብቻ ነበር። ጭምብልም አላደረገችም።

ሻሽ በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ። ወጥሮ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ክንድ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ይታወቅበታል። እናቴ ብትኖር ያለ ክርክር የምታሳልፈው ይህንን ነበር።

ለንደን ወደዳት፤ የፓሪስ ጋዜጣም ስለ አለባበሷ በዝርዝር ጻፈ። ፍቅሩ ግን አልዘለቀም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1735፣ በሙዚቃ ደራሲው ሃንድል ኦፔራ «አልቺና» ውስጥ የፍቅር አምላክን ሆና የወንድ ልብስ ለብሳ ስትወጣ ተመልካቹ በፉጨት አዋረዳት። ወደ ፓሪስ ተመለሰች። በ1756 አረፈች።

ከሞተች ከአራት ዓመት በኋላ ዣን ዦርዥ ኖቬር የሚባል የባሌት መምህር ስለ ዳንስ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አሳተመ። ጭምብሉ ይውለቅ፣ ቶኔሌው ይቅር፣ የሴቶቹም ቅርጫት ሦስት አራተኛው ይቀነስ አለ። የዳንስ ታሪክ ሲነገር ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ በእርሱ ስም ይጠራል። ሥራው ትልቅ ነው፣ አልክድም፤ ሳሌንም አይቷት በጽሑፉ አመስግኗታል። እኔ የማዝነው እርሱ በወረቀት የጠየቀውን እርሷ ከ26 ዓመት በፊት ለብሳው ወጥታ ሳለ፣ ስሟ በግርጌ መቅረቱ ነው። ጭምብሉ በፓሪስ ኦፔራ መውለቅ የጀመረው እንኳ በ1772 ነው። ማክሲሚልያን ጋርዴል የሚባል ዳንሰኛ በታዋቂው ጋኤታን ቬስትሪስ ቦታ ተተክቶ ሊደንስ ሆነ፤ ሰዎች ቬስትሪስ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ ፊቴን ገልጬ ካልሆነ አልወጣም አለ።

ሻሹ ቤተ መንግሥት የደረሰው ከዚህም በኋላ ነው። በ1783 ሠዓሊቷ ኤሊዛቤት ቪዤ ለ ብረን የፈረንሳይዋን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ያለ ቅርጫት፣ ስስ ነጭ ቀሚስ አልብሳ ሣለቻት። ማሪ አንቷኔት በልጅነቷ ቪየና ውስጥ ዳንስ የተማረችው ከዚያው ከኖቬር ነበር። ሥዕሉ ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ «ንግሥቲቱ በውስጥ ልብሷ ተሣለች» የሚል ቁጣ ተነሣ። ከግድግዳው ወረደ። ሠዓሊቷም በምትኩ ሌላ አቀረበች፤ ያው ፊት፣ ያው አቋቋም፣ በእጇም ጽጌረዳ። ልብሱ ግን ሐር ሆኗል።