ንስሐ ገባሁ ካልክ የወሰድከውን መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አባቶቼ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? የደሴን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ ንስሐ ፍሬ ነው የማወራችሁ። ስለ ንስሐማ ብዙ ተምረናል፣ የንስሐ አባት ያዙ ተብለን ይዘናል፣ ቀኖና ሲሰጠን እንሰግዳለን እንጾማለን፣ መስከረም 21 ያን ሁሉ አቀበት ወጥተን ግሸን ማርያም አልቅሰን እንመለሳለን፣ ይሄ ሁሉ ደግ ነው ማንም እንዳያቃልለው። ግን ከግሸን የተመለሰው ነጋዴ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ያንኑ የሚያጎድል ሚዛን ካነሳ ፍሬው የታለ?

መጥምቁ ዮሐንስ ሉቃስ 3 ላይ «ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ሲላቸው ሕዝቡ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀው። መልሱን እዩልኝ እስኪ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ይስጥ አለ፣ ቀራጮቹን፣ ግብር ሰብሳቢዎቹን ማለት ነው፣ ከታዘዘላችሁ አስበልጣችሁ አትውሰዱ፣ ወታደሮቹን ደግሞ ሰው አትግፉ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ቀራጩን ሥራህን ትተህ በረሃ ግባ አላለውም እኮ! ፍሬውን የጠየቀው እዛው እንጀራው ላይ ነው። ዛሬ ቢመጣ ባጃጅ ነጂውን ዝናብ ስለጣለ ታሪፍ አትጨምር ይለው ነበር፣ ቢሮ ያለውን ፋይሉ ጠፋ እያልክ ባለጉዳይ አታመላልስ፣ ገበሬውን የወንድምህን ድንበር አትግፋ። ለኛ ለሰባኪዎቹም የሚለው አያጣም፣ እሱ ሌላ ቀን ይሁን።

ዘኬዎስን ታውቁታላችሁ፣ የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ፣ ሾላ ላይ የወጣው። ዘኁልቁ 5 ላይ የበደለ ሰው ተናዞ የወሰደውን ከነአምስተኛ እጁ ይመልስ ይላል፣ በኛ ሂሳብ 1,000 ብር የወሰደ 1,200 ይመልሳል ማለት ነው። ዘኬዎስ ግን አራት እጥፍ አለ! ከንብረቱም ግማሹን ለድሆች። ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ይሄን ሲሰማ ነው። እኛ ጋ ግን ለቄሱ እንናዘዝና ለተበዳዩ ዝም እንላለን፣ ስግደቱ ይቀለናል መሰለኝ።

እዚህ ወሎ ደግሞ የበደልከው ሰው ሙስሊም ጎረቤትህ ሊሆን ይችላል፣ ለቅሶህ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የሱን ብር ወስደህ ሙዳየ ምጽዋት ብትከት ዕዳው ተከፈለ እንዴ? ቤታቸው ሂድና «ሐጂ፣ ይሄን ያህል ወስጄብዎታለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ» በላቸው፣ ብሩንም ይዘህ ሂድ ታዲያ፣ ባዶ እጅ አውፍ አይባልም። ብቻህን ከፈራህ ሽማግሌ ያዝ፣ ሽምግልና መቼም አገራችን ላይ አልጠፋም።

ሰውዬው ሞቶ ከሆነስ የሚል ይኖራል። ለሱም እዛው ዘኁልቁ ላይ መልስ አለ፣ የሚቀበል ዘመድ ከሌለው ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ለካህኑ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ፈልጉ፣ አዲስ አበባም ይሁኑ ዓረብ አገር ዘንድሮ ስልክ አለ፣ ቴሌብር አለ፣ ሩቅ ናቸው ማለት አያዋጣም። ጨርሶ ካጣችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩና ለማን እንደሚሰጥ እሳቸው ይምሯችሁ። አባቶች ከጉባኤው በኋላ እዚሁ ይቆያሉ፣ የፈለገ ሰው መቅረብ ይችላል።