ጋሽ ብሩን ቆረጥኩት

እንደምን አላችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ጋሽ ብሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አዎ፣ ላቬንደሬ፣ ያ መዓዛማው ተክሌ። "ጋሽ ብሩ ደህና ነው ወይ?" ብላችሁ ስትጽፉልኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

አበባው እንዳለቀ መቀሴን ይዤ ወጣሁ። የሚገረዘው ለስላሳው አዲስ እድገት ብቻ ነው፤ ቅጠል ካለበት በታች አይወረድም። እዚሁ ቁጭ ብዬ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ! ላቬንደር ከአሮጌው ቡናማ እንጨት ላይ መልሶ ማቆጥቆጥ ይከብደዋል። ግን አንድ ጎኑ ተንጋዶ ነበር። ላስተካክለው ብዬ ትንሽ ዝቅ አልኩ። ቀጭ! ድምፁ ሌላ ነበር። ለስላሳው ሲቆረጥ እኮ ድምፅ የለውም። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። "ሌላውም ጎን እኩል ይሁን" ብዬ ደገምኩት። ቀጭ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቆረጥኩበት በታች አንድ ቅጠል የለም። ራቁቱን የቀረ ግንድ። መዓዛው ግን እንደዚያን ቀን አውዶኝ አያውቅም። ዘይቱ ቅጠሉና አበባው ላይ ነው ያለው፤ ሲጎዳ ይወጣል። ማለትም... ስለጎዳሁት ነው ያወደኝ። ይሄን ሳስብ ሆዴ ባር ባር ይላል።

ደግሞ ያ ብርማ መልኩ! ቀለም አይደለም እኮ፤ ደቃቅ ፀጉር ነው። ፀሐዩን እየመለሰ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። በማጉያ መነጽር ስታዩት ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። እሱን ካያችሁ በኋላ ውሃ ለማብዛት እጃችሁ አይሄድም። ሥሩን የሚያበሰብሰው እኮ... ቆይ፣ ምን እያልኩ ነበር?

አዎ፣ ቁራጮቹ። ከወደቁት ውስጥ አበባ ያልያዙ፣ ጣት የሚያህሉ 8 መረጥኩ። የታች ቅጠላቸውን ገፍፌ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልኳቸው። ሦስቱን ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋቸው አልነቀል አሉ። ሥር ሰደዋል! በደስታ ጮህኩ። ከቁራጭ የበቀለ በዘረመሉ ያው ራሱ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ስድስት ዓመት በየጠዋቱ እየዳሰስኩት የኖርኩት እኮ ያንኛውን ነው። እነዚህን "ጋሽ ብሩ" ማለት... እንጃ። አፌ እምቢ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ከግንዱ ሥር አረንጓዴ ነጥብ ያየሁ መሰለኝ። አረም ሊሆን ይችላል። አልነካሁትም። ስጨርስ ማጉያውን ይዤ ወጥቼ...