ያቺን መስመር ዘልያታለሁ

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ ቤተሰብ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ ከጎንደር ከአዘዞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳላችሁ ስለዚህ የባጃጅ ድምፅ ምናምን ከገባ ይቅርታ፣ መብራት እያለ ልጨርስ ብዬ ነው። ማውራት የፈለኩት ስለ ቃል ነው፣ እግዚአብሔር ፊት ቆመን ከአፋችን ስለምናወጣው ቃል። ብዙ ጊዜ ላወራው ፈልጌ እየፈራሁ ትቼው ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደኩት፣ አሁን ደሞ እዛው የመዝሙር ግጥም እጽፋለሁ። እና የዛሬ ሁለት አመት ለጥምቀት አንድ መዝሙር ጻፍ ተባልኩ። ጎንደር ላይ ጥምቀት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፣ ከተራ ለት ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ከተማው በሙሉ ነው አብሮ የሚወርደው፣ እና እየተሄደ የሚዘመር መዝሙር ደሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ህዝቡ አቧራ ውስጥ እየተገፋ ነው የሚለው፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከበሮው አይጠብቅህም፣ ስለዚህ መስመሩ አጭር መሆን አለበት አንዴ ሰምቶ ሁሉም የሚይዘው። ማታ ቁጭ ብዬ ጭኔን እንደ ከበሮ እየመታሁ ግራና ቀኙን ስድስት ስድስት ቀለም አድርጌ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል

ጥምቀትህ ሲደርስ ሐዘን ከኔ ራቀ
ዓይኔ እንባ አያውቅም ልቤ ፈነደቀ

ቤት ይመታል፣ ከበሮው ላይም ቁጭ ይላል፣ ልጆቹ ወደዱት፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ቮይስ ተለቆ በሁለት ቀን ሁሉም ያዘው። እውነት ለመናገር "ዓይኔ እንባ አያውቅም" ያልኩት ስላመንኩበት አይደለም። ቦታውን ስለሞላልኝ ነው። ያኔ ግን አላወኩትም፣ ግጥም ስትጽፍ ቃሉ ልክ ገጥሞ ሲገባ ደስ ይልሃል በቃ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ አትጠይቀውም።

ሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ከወጣ ያኔ ሶስት አመት ሆኖታል፣ መጀመሪያ አካባቢ ከሊቢያ ነው የምደውለው ብሎ አንዴ ደውሏል ከዛ በኋላ ድምፁ የለም። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሲያስደርሱ ሁሌ አያቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ከሴቶች በኩል ከግንቡ ጥግ ነው የሚቆሙት። እና የጥምቀት በዓል አልፎ በሳምንቱ መንገድ ላይ አገኙኝና ስመው ስመው ካበቁ በኋላ "ሆዴ ያችን መዝሙር አንተ ነህ አሉ የጻፍካት" አሉኝ፣ አዎ እማማ አልኩ ደስ ብሎኝ፣ "ዜማዋ ግሩም ነው፣ አንዷን መስመር ግን ዘልያታለሁ፣ ታቦት ፊት ቆሜ እንባ አላውቅም እንዴት ልበል ልጄ፣ ውሸት ይሆንብኛል" አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ነው ያሉት፣ እኔን ቅር እንዳይለኝ ፈርተው። ከዛ ምርቃታቸውን መርቀውኝ ሄዱ፣ እኔ ግን እዛው ቆሜ ቀረሁ።

ምን ገባኝ መሰላችሁ፣ መዝሙር ላይ "እኔ" ብለህ ስትጽፍ አንተን ብቻ ማለት አይደለም፣ ያንን "እኔ" የሚለው ሺህ ሰው ነው። ልጇን የቀበረችም ትለዋለች፣ ትላንት የታረቀም ይለዋል፣ ትዳሩ የፈረሰም። እኔ ማታ ጭኔን እየመታሁ ያስገባሁትን ቃል እሳቸው አፍ ውስጥ ነው የከተትኩት፣ ለዛውም አምላካቸው ፊት። ዳዊትን እዩት እስኪ፣ እሳቸው በየቀኑ የሚደግሙት ዳዊት፣ እዛ ውስጥ እኮ እስከ መቼ ነው የምትረሳኝ ይላል፣ እንባዬን መኝታዬ ላይ አፈሰስኩ ይላል፣ ደስታም አለ ለቅሶም አለ ማንም ሰው የራሱን አያጣም። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን አብዛኛው ድል ድል ብቻ ነው፣ ሁሉም ሰው አሸንፎ የመጣ ይመስል። ፕሮቴስታንት ጓደኛ አለኝ እነሱም ጋ ይሄው እንደሆነ ነግሮኛል።

አንድ ነገር ደሞ ላንሳ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ስቅለት ለት ሁላችንም እንሰግዳለን አይደል፣ ኪርያላይሶን፣ እብኖዲ ናይን፣ ታኦስ ናይናን፣ ማስያስ ናይናን፣ ትስቡጣ ናይናን እያልን፣ ግንባራችን መሬት እስኪነካ ጉልበታችን እስኪዝል። እኔ ልጅ ሆኜ ናይናን የሆነ የመልአክ ስም ይመስለኝ ነበር የምሬን ነው፣ አድጌም ማንንም አልጠየኩም። በኋላ ነው አንድ የኔታ የነገሩኝ፣ ኪርያላይሶን ግሪክ ነው አቤቱ ማረን ማለት ነው፣ ታኦስም የግሪክ ነው አምላክ፣ ትስቡጣም ጌታ፣ እብኖዲና ናይናን ግን የግብፅ የቅብጥ ቋንቋ ነው፣ እብኖዲ አምላክ፣ ናይናን ማረን። ቤተክርስቲያናችን ስንት መቶ አመት ጳጳስ ከግብፅ ሲመጣላት ኖራ አይደል፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት እኮ በ1951 ዓ.ም. ነው፣ እና ቃሉ ከዛ ሁሉ ግንኙነት የቀረልን ነው። በአንድ ስግደት ውስጥ በሁለት አገር ቋንቋ ማረን ማረን ነው የምንለው ለካ። ያን ካወኩ በኋላ በመጣው ስቅለት ስሰግድ ግማሹ ላይ ድምፄ አልወጣ አለኝ፣ ስንት አመት ስለው የኖርኩትን ቃል ገና ያኔ ነው ያልኩት። ትርጉሙን የማያውቁት እናቶች አልጸለዩም እያልኩ አይደለም በፍፁም፣ እነሱ ማረን ማለታቸውን በጉልበታቸውም በእንባቸውም ያውቁታል። እኔ ግን ለሌላ ሰው ቃል እጽፋለሁ ካልኩ ማወቅ ነበረብኝ።

ይሄ ነገር ደሞ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም እኮ፣ እዚህ ከተማ ያሉ የመጻሕፍት መምህራን አንዲትን ቃል ይዘው አንድም፣ አንድም እያሉ ሲፈቷት ነው የሚውሉት። ቅኔውም እንደዛው ነው፣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በረንዳ ላይ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት ሲያዘጋጅ ያድርና ጠዋት መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ናት ለዛውም፣ አንዷ ቃል ሰሙን ይዛ ወርቁን ካልያዘች ትጣላለች። የተዋጣለት እንደሆነ ደሞ ይበል ይባልለታል። ለማኅሌት የተዘረፈ ቅኔ ደሞ ለዚያ ቀን ነው፣ ነገ አይደገምም፣ አንዴ ለሚባል ነገር ነው ያ ሁሉ ሌሊት የሚታደረው፣ እኔ ሺህ ሰው በየአመቱ የሚደግመውን በአንድ ማታ ጨረስኩት።

ሌላም አለ በቃሉ ላይ ካሰብኩ ወዲህ የሚደንቀኝ። እኛ እዚህ ሽማግሌውን አንቱ እንላለን፣ ቄሱን አንቱ፣ የማናውቀውን ትልቅ ሰው አንቱ፣ ፈጣሪን ግን አንተ። ግዕዙ አንቱታ የለውም፣ ቅዳሴው ሁሉ አንተ እያለ ነው የሚሄደው፣ አማርኛው አንቱን ሲያበጅ እግዚአብሔርን ግን እዛው አንተ ላይ ተወው። አንተ ብለህ የተጠጋኸውን ደሞ እንዴት ነው የምትሸነግለው።

እና መዝሙሩን ልቀይረው ተነሳሁ። መጀመሪያ "ዓይኔ እንባ ሞላ" አልኩት፣ እሱ ደሞ ለሳቀው ሰው ውሸት ሆነ፣ ለህፃኑ፣ በዛ አመት ለዳረው። ሳምንት ሙሉ ያዘኝ ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ስራ ቦታ ሁሉ አፌ ላይ እያዞርኳት። ኋላ ላይ የገባኝ ማወቅ የሚለው ቃል ጥፋት የለበትም፣ ባለቤቱ ነው የተሳሳተው፣ አዋቂው ዓይኔ ሳይሆን እግዚአብሔር ነው መሆን ያለበት። ከዛ እንዲህ ሆነ

ጥምቀትህ ሲደርስ ከተማው ደመቀ
እንባዬን ታውቃለህ ካንተ ምኑ ራቀ

ከተማው መድመቁ እውነት ነው ማንም ያየዋል። እንባዬን ታውቃለህንም የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ሊለው ይችላል፣ ለማን የትኛው እንባ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አንዳንድ ልጆች የድሮው ይሻላል ፈነደቀ ሲባል ይሞቃል አሉ፣ ልክ ናቸው ይሞቃል። ቢሆንም አዲሱን አስጠናናቸው።

ዘንድሮ ከተራ ላይ እማማን ከፊቴ አየኋቸው፣ ዘንግ ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ እኔ ሆን ብዬ ከኋላቸው ተጠጋሁ። ያቺ መስመር ልትደርስ ስትል ልቤ ይመታል። ከበሮው አጠገቤ ነበርና ድምፃቸውን አልሰማሁትም፣ ነጠላቸውንም አፋቸው ላይ አድርገውት ነበር። ይበሏት ይዝለሏት አላወኩም፣ ሄጄም አልጠየኳቸውም።

እናንተም ጋ ስትዘምሩ ወይ ስትጸልዩ ዝም ብላችሁ የምትዘሏት መስመር ካለች በቮይስ ላኩልኝ፣ እሰማታለሁ። ልጃቸው ድምፁ ለጠፋባቸው እናቶችም ጸልዩ፣ እዚህ ሰፈር ብቻ ብዙ ናቸው። ደህና እደሩ።