ሰባት ድል ያንሳል? የመካከለኛ ቡድን ደጋፊ ሒሳብ

[ምስል፦ የውጤት ሰሌዳ፣ 38 ለ 7]

ዓመቱ በፈረንጆች 2006፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ቦታው አሪዞና። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጎፈርስ በሦስተኛው ሩብ ቴክሳስ ቴክን 38 ለ 7 ይመራል። በተጨማሪ ሰዓት 44 ለ 41 ተሸንፎ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ አሰልጣኝ ግሌን ሜሰን ተሰናበቱ።

ሜሰን በአሥር ዓመት ውስጥ ቡድኑን ሰባት ጊዜ ለቦውል፣ ማለትም ጥሩ ውጤት ያላቸው ቡድኖች ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚጋበዙበት ጨዋታ፣ አብቅተዋል። ደጋፊው ግን «ከዚህ በላይ ይገባናል» ይል ነበር። በተከታዩ ዓመት ጎፈርስ አንድ ጨዋታ አሸንፎ በ11 ተሸነፈ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች]

የደጋፊው ቅሬታ ከየት መጣ? ከአያቶች ወሬ። ጎፈርስ በ1960 የአገር ሻምፒዮን ተብሏል፤ የሚወዳደርበትን የቢግ ቴን ሊግ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተጋራው ደግሞ በ1967 ነው።

[ምስል፦ የጨዋታ መርሐ ግብር]

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። መደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ሲኖረው ዘጠኙ በሊጉ ውስጥ ይደረጋሉ። ከ2024 ጀምሮ በሊጉ 18 ቡድኖች አሉ፤ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና ኦሪገን ከእነርሱ መካከል ናቸው። ምርጦቹን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀድመው የሚመለምሉት እነዚህ ናቸው። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ክፍያው ጣሪያ ቢበጀለትም፣ ባለጸጋ ደጋፊ ያለው ቡድን በጎን ሌላ ገንዘብ ያገኛል። መካከለኛው ቡድን ሁለት ዓመት ለፍቶ ያበሰለውን ልጅ በዝውውር ሲነጠቅ ማየት ደግሞ የተለመደ ሆኗል።

ስለዚህ ከሊጉ ውጭ ያሉትን ሦስቱን ማሸነፍ ግዴታ ነው። ከሊጉ ጨዋታዎች ሦስት ከተጨመሩ ስድስት ይሞላል፤ የቦውል በርም ይከፈታል። በእኔ ግምት ሰባትና ስምንት ጥሩ ዓመት ነው፤ ዘጠኝ ከመጣ እስክስታ ይወረዳል። ከአምስት በታች ሁለት ዓመት ከተደጋገመ ደጋፊው ቢቆጣ አልፈርድበትም።

በአሰልጣኝ ፒ ጄ ፍሌክ ዘመን፣ በ2019፣ 11 ድል ተገኝቷል። ጎፈርስ ይህን ያህል ካሸነፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንዲህ ያለውን ዓመት ሲመጣ መደሰቻ እንጂ በየዓመቱ መለኪያ ማድረግ አሰልጣኝ ማባረሪያ ነው።

[ምስል፦ ረጅም እጀታ ያለው መጥረቢያ፣ ከዚያም የግብ ቋሚ]

ይህ መጥረቢያ ዋንጫ ነው፤ ሚኒሶታና ባላንጣው ዊስኮንሲን ከ1948 ጀምሮ ይፎካከሩበታል፤ የየዓመቱ ውጤት እጀታው ላይ ይጻፋል። ያሸነፈው ቡድን ወደ ግብ ቋሚው ሮጦ የሚቆርጥ ያስመስላል። ጎፈርስ 14 ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ፣ በ2018 ዊስኮንሲን ሜዳ፣ ማዲሰን ድረስ ሄዶ 37 ለ 15 ረታ። ወደ ጨዋታው የገባው አምስት ድል ብቻ ይዞ ነበርና፣ የቦውል በርም በዚያው ቀን ተከፈተለት። ተጫዋቾቹ በባላንጣቸው ሜዳ መጥረቢያውን ተሸክመው የሮጡበት ያ የውድድር ዘመን የተጠናቀቀው በሰባት ድልና በስድስት ሽንፈት ነው።