ድንጋዩን ማን አጠቆረው?

እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። እጄ ላይ ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ ሁለት አለ፣ ቆይ ወደ ካሜራው ላስጠጋው። አንዱ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ሌላው ጭስ የገባበት ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ። ሁለቱም ያው ሲሊከንና ኦክስጅን ናቸው። ታዲያ ይሄኛውን ማን አጠቆረው? ጨረር ነው፤ እንደ ዩራኒየም ካሉ አተሞች የሚወጣው ማለቴ ነው።

ባቲ ልውሰዳችሁ። ሰኞ ነው፣ ገበያው ጢም ብሏል። ጨው በጨው ተራ፣ እህል በእህል ተራ፣ ከብት በከብት ተራ። ጠጣር ነገር ማለት ይሄ ነው፤ አተም ሁሉ ተራ አለው። አሁን አንድ ግመል ገመዱን በጥሶ በእህል ተራ በኩል ቢፈተለክስ? እስኪ አስቡት። እህል ሻጯ ጤፏን ጥላ ሽንኩርት ተራ ትገባለች፣ ሽንኩርት ሻጩ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል፣ የሷ ቦታ ባዶውን ይቀራል። ቦርከና ወንዝ ላይ ድንጋይ ብትወረውሩ ውሃው ወዲያው ይገጥማል። ገበያው ግን አይገጥምም! ባዶው ባዶ፣ የተዛነፈውም እንደተዛነፈ ይቆያል። ጠጣር ነገር ጨረር ያደረሰበትን የማይረሳው ለዚህ ነው። እኔ ይሄን ነገር ስወደው!

ግመሉ ማነው? ዩራኒየም አልፋ የሚባለውን ቅንጣት ሲተፋ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ እንደሚመታው፣ አተሙ ራሱ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ብዙ መቶ ጎረቤቶቹን ከቦታቸው ያፈናቅላል። ውስጡ ዩራኒየም ያለበት ዚርኮን የሚባል ማዕድን በዚህ የተነሳ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ክሪስታልነቱን፣ ማለትም የአተሞቹን ተራ፣ ያጣል። ጋማ የሚባለው ጨረር ደግሞ ነጣቂ ነው፣ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ኮባልት 60 ከሚባለው ጨረር የሚተፋ ብረት የሚወጣው ጋማ ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ነገሮች ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ጉልበት አለው፤ ኬሚካላዊ ትስስር ለመበጠስ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። ኳርትዝ ውስጥ አልፎ አልፎ በሲሊከን ቦታ አሉሚኒየም ይቀመጣል። ጋማው እዚያ አጠገብ ካለ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ሲነጥቅ፣ የቀረው ጉድለት ብርሃን ይውጣል። ድንጋዩ ጠቆረ። አለቀ። በደንብ ብታሞቁት ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፣ ድንጋዩም ይጠራል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉልኝ፣ ምክንያቱም አሁን የምመልሰው እናንተው ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነው። «ጨረር የነካው ድንጋይ ራሱ ራዲዮአክቲቭ ይሆናል፣ ቤት አይገባም» ትላላችሁ፤ ድንጋዩ በተራው ጨረር ይተፋል ማለታችሁ ነው። አብሽሩ! የሳሎን መጋረጃችሁን ፀሐይ ያገረጣዋል አይደል? ታዲያ ማታ መጋረጃው ያበራል? አያበራም። የኮባልት ጋማም እንደዚያው ነው፤ ኤሌክትሮን ይነካል እንጂ የአተሙን እምብርት፣ ኒውክለሱን፣ አይለውጠውም። ኒውትሮን የሚባለው ቅንጣት ግን ሌላ ነው፤ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ራዲዮአክቲቭም ሊያደርገው ይችላል። የኒውክለር ሪአክተር ውስጥ ሰማያዊ የተደረገ ቶጳዝ፣ ያ የከበረ ድንጋይ፣ ጨረሩ እስኪቀንስ ድረስ ለሽያጭ የማይወጣው ለዚህ ነው። የወገል ጤናው የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓላችንም ቀለሙ ከጨረር አይደለም፤ ውስጡ የተደረደሩት ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ብርሃኑን ሲበትኑት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጨው ሻጩ ከተራው ሳይነሳ ድንገት ሌላ ሰው ቢሆንስ? ፖታሲየም 40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ የፖታሲየም ዓይነት እንዲህ ያደርጋል። ከጎረቤቶቹ ጋር ተሳስሮ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሚለወጡት 100 አተሞች 11 ያህሉ አርገን ይሆናሉ። አርገን ደግሞ ከማንም ጋር የማይተሳሰር ጋዝ ነው። መውጫ ስለሌለው ክሪስታሉ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ድንጋዩ ቀልጦ በነበረ ጊዜ የነበረው አርገን አምልጧል፣ የዕድሜው ቆጠራ የሚጀምረው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ይሄ የምንረግጠው የወሎ ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው የታወቀው ይሄው የታሰረ አርገን ተለክቶ ነው።