በረሃ ሲያብብ

ሰብለ፦ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ስለ በረሃ ስናወራ የሚሰማን ሰው ምን ይላል?

ይበልጣል፦ የፈለገውን ይበል! እኛ አደይን የምናየው ክረምቱን ሙሉ ዘንቦ ዘንቦ ነው። የአታካማ በረሃ አበቦች ግን ዝናብ የሚባል ነገር ሳያዩ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሰብለ፦ ቺሊ ያለው ነው አይደል?

ይበልጣል፦ አዎ፣ ሰሜን ቺሊ። ከዋልታዎቹ ውጭ እንደሱ ደረቅ በረሃ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የሚያገኘው ኤልኒኞ ሲመጣ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሞቆ የዓለምን አየር ሲያዛባ ነው። ያኔ አሸዋው ሐምራዊና ቢጫ ይለብሳል።

ሰብለ፦ ቆይ ቆይ፣ ለእኛ ኤልኒኞ ማለት ድርቅ ነው እኮ።

ይበልጣል፦ የሚገርመው እሱ ነው! በ2007 ክረምት ዝናብ ጠፍቶ አገሩ ሲጨነቅ ታስታውሻለሽ? በዚያው ኤልኒኞ አታካማ እስከ ጥቅምት 2008 ድረስ አብቦ ነበር።

ሰብለ፦ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለአንዱ መከራ። ግን ዘሩ በዚያ ሐሩር እንዴት ሳይሞት ይቆያል?

ይበልጣል፦ ደርቆ ይተኛል። የአንዳንዶቹ ሽፋን ላይ እንዳይበቅሉ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለ። ካፊያ ብቻ ከሆነ አይለቅም። ደህና ዝናብ ሲጥል ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ ዘሩም ይበቅላል።

ሰብለ፦ ዝናቡን ይለካል በለኛ!

ይበልጣል፦ እንደዚያ በይው። ደግሞ ሁሉም አንዴ አይበቅሉም። ከፊሉ አፈር ውስጥ ለሌላ ዓመት ይቀራል።

ሰብለ፦ ልክ እንደ ጎጃም ገበሬ! አባቴም ጎተራ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ዝናብ አይበትንም ነበር። ዝናቡ ቢያታልለውስ?

ይበልጣል፦ የበቀለው ደግሞ ጊዜ አያባክንም። በጥቂት ሳምንታት አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይደርቃል።

ሰብለ፦ በእኛ አገር ቆላስ?

ይበልጣል፦ በምሥራቅ በኩል የበረሃ ጽጌረዳ አለችልሽ። እሷ ሌላ ዘዴ አላት፤ ውሃውን ባበጠ ግንዷ ታጠራቅማለች። ቅጠሏ ረግፎ እርቃኗን ቆማ ሮዝ አበባ ታወጣለች። እንዳትነኪያት ታዲያ፣ ወተቷ መርዝ ነው። አዳኞች ቀስት ይቀቡበት ነበር።

ሰብለ፦ ቆንጆ ግን ክፉ!

ይበልጣል፦ ክፉስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብርቱካናማ ፖፒ ተራራ ሙሉ ሲያብብ፣ ሕዝቡ ለፎቶ ጎርፎ ረገጠው። መንገዱም እስኪዘጋ ተጨናነቀ። ዘር ሳይጥል የተረገጠ አበባ ደግሞ ለቀጣዩ ዝናብ ምንም አይተውም።

ሰብለ፦ ወደ ጢስ ዓባይ ስንወጣስ? መስከረም ላይ አደይ ውስጥ ተጋድሞ ሴልፊ የሚነሳው ስንቱ ነው!

ይበልጣል፦ ስም አልጠራም እንግዲህ። የፕሮፋይል ፎቶሽን ግን ሰው ያየዋል።

ሰብለ፦ ይቺን ኤዲት ላይ ቁረጣት!