እንግሊዝ ሀገር አንዲት ዶሮም ብትሆን ትመዘገባለች

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የማወራው እንግሊዝ ሀገር ጓሮ ውስጥ ዶሮ ስለማርባት ነው፣ የኛ ሰው ያው ጓሮ ያለው ቤት ካገኘ መጀመሪያ ጎመን ይተክላል ቀጥሎ ዶሮ ያምረዋል። ችግር የለውም ይቻላል፣ ግን ህጉን አውቃችሁ ግቡበት።

ድሮ የመመዝገብ ግዴታ የነበረው 50 ዶሮ እና ከዛ በላይ ላለው ሰው ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ አንዲት ዶሮ ብትሆንም ትመዘገባለች፣ ስኮትላንድ እንደውም ወር ቀድማ ነው የጀመረችው። ዳክዬም፣ ርግብም፣ ድርጭትም እዚሁ ውስጥ ናቸው። የሚቀርላቸው ከቤት ጭራሽ የማይወጡ እንደ በቀቀንና ካናሪ ያሉት ናቸው፣ እነሱንም ቢሆን ውጪ ጎጆ ከሰራችሁላቸው መመዝገብ ነው።

(ስክሪን ላይ፦ ነፃ፣ ኦንላይን፣ በ1 ወር ውስጥ)

ሰው ምዝገባ ሲባል ቶሎ ታክስ ይጠረጥራል፣ አይደለም፣ ሳንቲም አይከፈልም። ነገሩ የወፍ ጉንፋን ነው። በሽታው አንድ ቦታ ሲገኝ ዙሪያውን 3 ኪሎሜትርና 10 ኪሎሜትር ዞን ይታጠራል፣ እና እዛ ውስጥ ማን ጋ ዶሮ እንዳለ ካልታወቀ ማንን ያስጠንቅቁ? ለምሳሌ ኢንግላንድ ውስጥ ከኖቬምበር 7 ቀን 2022 እስከ ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ዶሮ በሙሉ ቤት ተዘግቶበት እንዲቆይ ታዞ ነበር፣ የጓሮዋም ጭምር። በሽታውን የሚያመጡት በብዛት የዱር ዳክዬና ዝይ ናቸው፣ ኩሳቸው ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ጥሬውንና ውሃውን ሜዳ ላይ አታስቀምጡ፣ ጣሪያ ስር አድርጉት፣ መረብ ብቻ ካለበሳችሁት ወፏን ይከለክላል እንጂ ኩሱ በቀዳዳው ያልፋል። ጫማም እንደዛው፣ ዶሮ ቤት የምትገቡበት ለብቻው ይሁን።

አሁን ለኛ ከባዱ ጋ ደረስን፣ ትራፊ። ሀገር ቤት የተረፈ እንጀራ ለዶሮ መበተን ምን ነውር አለው፣ እዚህ ግን ክልክል ነው። ኩሽና የገባ ምግብ ለዶሮ አይሰጥም፣ ለእንቁላል ሳይሆን ለፍቅር ነው የማረባት ብትሉም አይሰጥም። እና ሽሮ ነው የጾም ነው ምናምን ብላችሁ እንዳትከራከሩ፣ ምክንያቱም የሚታየው ምግቡ ብቻ ሳይሆን ኩሽናው ነው፣ ስጋና ወተት የሚነካበት ኩሽና ከሆነ ሰላጣዋም አብራ ትከለከላለች። የሚፈቀደው ሙሉ በሙሉ ቪጋን ለሆነ ቤት ነው፣ ሁዳዴን ጾሞ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ የሚሰራ ቤት ቪጋን አይባልም እንግዲህ። ከጓሮ ቀጥታ የተቀነጠሰ ጎመን ግን ወደ ኩሽና ሳይገባ እዛው ቢሰጣት ይቻላል።

ለሶስት ዶሮ ይሄ ሁሉ ይበዛል ትሉ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ግን 2001 ላይ የአፍተግር በሽታ ሀገሩን ያዳረሰው ኒውካስል አጠገብ «ሄደን ኦን ዘ ዎል» (Heddon-on-the-Wall) የምትባል ቦታ ካለ የአሳማ እርባታ ነው ተብሎ ነው የተደመደመው፣ አሳማዎቹ በደንብ ያልተቀቀለ የምግብ ቤት ትራፊ ይበሉ ነበር። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ታረደ። ከዛ በኋላ ትራፊ ላይ ቀልድ የለም።

ድመት ያላችሁም አላችሁ መቼም። ኢንግላንድ ውስጥ ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ቆዳዋ ስር የሚገባ ትንሽ መለያ ቺፕ፣ ማስገባት ግዴታ ነው፣ ውሻማ ከ2016 ጀምሮ ነው። ሳታስገቡ ከተገኛችሁ 21 ቀን ይሰጣችኋል፣ ካለፈ እስከ 500 ፓውንድ ቅጣት አለው። ቺፑ ራሱ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው፣ ስልክ ቁጥራችሁ ያለው ቺፑ የተመዘገበበት ዳታቤዝ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሲም ስትቀይሩ ወይ ቤት ስትለቁ እዛም ገብታችሁ ቀይሩት።